ከቻታሁቺ እስከ አላስካ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ካያክ ከመቅዘፋችሁ በፊት

ማኅበራችን የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ በቻታሁቺ ወንዝ ላይ የካያክ ጉዞ ለማዘጋጀት እያሰበ መሆኑን በግሩፓችን ላይ አይታችኋል። ብዙ ሰው "እኔም አለሁ" ብሎ ጽፏል። ደስ ይላል። እኔም አለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ነገር ልንነጋገር ይገባል፤ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ።

አንቺ ማን ነሽና ነው የምትነግሪን ትሉ ይሆናል። ሃያ ዓመቴ ነው፤ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ያደግሁት እዚሁ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ነው። የካያክ ባለሙያ አይደለሁም። በሕይወቴ ካያክ ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እዚሁ ቻታሁቺ ላይ ነበር፤ ልሞት ነበር። ሁለተኛው አላስካ ውስጥ፣ ባሕር ውስጥ ከሚገባ የበረዶ ግግር ፊት ለፊት ነበር፤ ፈርቻለሁ፣ ግን በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ። እስቲ አስቡት፤ በረዶ በሚንሳፈፍበት ባሕር ላይ ምንም አልሆንኩም፣ ከቤታችን አንድ ሰዓት እንኳ በማይርቅ ወንዝ ላይ ግን ነፍሴን ላጣ ነበር። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከክፍል ከተማርኩት በላይ ብዙ አንብቤያለሁ፤ መምህራኖቼንም ጠይቄያለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። አማርኛዬ ሲወላገድ ካያችሁ ይቅርታችሁ አይለየኝ።

ካያክና ታንኳ

እናቴ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ናት። ጣና ሐይቅ ከቤታቸው ደጅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዋና ግን አታውቅም። በልጅነቷ ያየችው ጀልባ ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነው። የደንገል ግንዱ ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ሲቆይ ደግሞ ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል፤ ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ካገለገለ በኋላ በአዲስ ይተካል። እናቴ ካያክ የሚባለውን በስልኬ ሳሳያት "ይሄማ ታንኳ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?" አለችኝ።

ብዙም አልተሳሳተችም። ካያክም እንደ ታንኳ አገሩ የሰጠውን ይዞ የተሠራ ጀልባ ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች፣ ማለትም ኢኑይት፣ ዩፒክና ኡናንጋን የሚባሉት፣ ባሕር ከጣለው እንጨትና ከዓሣ ነባሪ አጥንት አጽሙን እየሠሩ በባሕር እንስሳት ቆዳ ይሸፍኑት ነበር። ዛፍ በሌለበት አገር የተፈጠረ፣ ለአደን የሚሆን፣ ድምፅ የሌለው ፈጣን ጀልባ ነው። ዛሬ የምንከራየው ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ግላስ ቢሠራም ቅርጹ ያው የእነሱ ነው።

ከታንኳ የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። ታንኳ ራሱ እንደ ቡሽ የሚንሳፈፍ የደንገል እስር ነው። ካያክ ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ውሃ ከገባበት ይከብዳል፣ ይገለበጣልም። የባሕር ካያክ ላይ የሚቀዝፈው ሰው ወገቡ ላይ እንደ ቀሚስ የሚታሰር ውሃ የማያስገባ ጨርቅ የሚለብሰው ለዚህ ነው። የጨርቁ ጫፍ በጀልባው አፍ ዙሪያ ይለበጣል። ፊት ለፊቱ ላይ ማንጠልጠያ አለው፤ ከተገለበጣችሁ እሱን ስባችሁ ትወጣላችሁ። ይህን ማንጠልጠያ ልብ በሉት፤ እመለስበታለሁ።

ቻታሁቺ ላይ የሆነው

ያለፈው ዓመት ሐምሌ ነው። ሙቀቱ 95 ፋራናይት ገብቷል፤ ወደ 35 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። አራት ጓደኛሞች ሁለት ካያክ ተከራይተን ከቡፎርድ ግድብ በታች ወንዙ ውስጥ ገባን። መሪ አልያዝንም፤ ገንዘቡን ለመቆጠብ ነው። ከግድቡ እስከ ሀይዌይ 20 ድልድይ ድረስ ባለው የወንዙ ክፍል ላይፍ ጃኬት ማድረግ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ አደረግን። ድልድዩን እንዳለፍን "ኧረ ሞቀን!" ብለን አወለቅንና ተቀመጥንበት።

ወንዙ የተረጋጋ ነበር። ሙዚቃ ከፍተናል፤ እንስቃለን። አንድ መታጠፊያ ላይ ግን የወደቀ ዛፍ ነበር። የወደቀ ዛፍ ውሃውን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል፤ ሰውንና ጀልባን ግን ይይዛል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጀልባችን ጎኑን ሰጥቶ ዛፉ ላይ ተለጠፈ፣ ዘመመና ገለበጠን።

ውሃው ጥልቅ አልነበረም፤ ደረቴ ድረስ ቢሆን ነው። ግን ውሃው እንደነካኝ ሳላስበው፣ ሳልፈልግ፣ ትልቅ አየር ሳብኩ። አፌ ከውሃው በታች ስለነበር የሳብኩት ውሃውን ነው። ከዚያ በኋላ ትንፋሼን መቆጣጠር አቃተኝ። መጮህ ፈልጌ ድምፅ አልወጣኝም። ጓደኞቼ የምቀልድ መስሏቸው ይስቁ ነበር። ጀልባውን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፤ ትንሽ እንደቆየሁ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ያወጣኝ ከእኛ በታች ቆሞ ትራውት ዓሣ ያጠምድ የነበረ የማላውቀው ሰው ነው። በክንዴ ይዞ ጎተተኝ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ዳር ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጥኩ።

ያከራየን ድርጅት ላይፍ ጃኬት ሰጥቶናል፤ አድርጉም ብሎናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የሚለውን አባባል ሁላችንም ከቤታችን ሰምተነዋል። እኔ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ወንዙ በሐምሌ ለምን ይቀዘቅዛል?

መልሱ ከግድቡ ነው። ቡፎርድ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራው ሲያልቅ ከኋላው የላኒየር ሐይቅ ተፈጠረ። ጥልቅ ሐይቅ በበጋ እንደ ድርብርብ ብርድ ልብስ ይሆናል። ላዩን ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ሞቃቱ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ክረምት የገባው ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ታች ይቀራል፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ግድቡ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ውሃ የሚለቀው ከታችኛው ነው። ስለዚህ ሐይቁ ላይ የሚዋኝ ሰው ለብ ባለ ውሃ ሲዝናና፣ ከግድቡ ሥር ያለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ወደ 50 ፋራናይት፣ ማለትም 10 ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። በደቡብ ሙቀት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ትራውት የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። በበጋ ጠዋት ወንዙ ላይ የሚታየው ጉምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ይጨጓጎጋል።

ግድቡ ሌላም ጣጣ አለው። ውሃ ሲለቀቅ ወንዙ በደቂቃዎች ውስጥ በብዙ ጫማ ከፍ ይላል። ከመልቀቃቸው በፊት የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ይነፋል፤ የመልቀቂያው ሰዓትም አስቀድሞ ይነገራል። ጡሩምባውን ስትሰሙ ፎቶ ማንሳት ትታችሁ ከወንዙ ውጡ።

ቀዝቃዛ ውሃ ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

አብዛኞቻችን ቀዝቃዛ ውሃ የሚገድለው ቀስ እያለ በማቀዝቀዝ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እውነቱ ግን ብዙ ሰው የሚሞተው ሰውነቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጎርደን ጊዝብረክት ይህን ለማስታወስ ቀላል ቁጥር አስተምረዋል፦ 1፣ 10፣ 1። አንድ ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት።

የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ የድንጋጤው ነው። ቆዳችን በድንገት ሲቀዘቅዝ ሳናዝዘው ትልቅ ትንፋሽ እንስባለን፤ ከዚያም ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። የልብ ምትና የደም ግፊት ወዲያው ይጨምራሉ። ልቡ የታመመ ሰው እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ ከውሃው በላይ ከሆነ አየር ነው፤ ከውሃው በታች ከሆነ መስጠም ነው። ቻታሁቺ ላይ እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ላይፍ ጃኬት ዋና ሥራው እዚህ ጋ ነው፤ ሰውነታችሁ ራሱን መቆጣጠር ባቃተው በዚያ አንድ ደቂቃ አፍንጫችሁን ከውሃው በላይ ይይዝላችኋል። የወደቀ ሰው በዚህ ደቂቃ ለመዋኘት መታገል የለበትም። ተንሳፍፎ ትንፋሹን ማረጋጋት ብቻ ነው ሥራው። ድንጋጤው ያልፋል።

ቀጣዩ አሥር ደቂቃ የእጅና የእግር ነው። ሰውነታችን ልብንና አንጎልን ለማዳን ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ጡንቻና ነርቭ ይቀዘቅዛሉ፤ ጣት አልታጠፍ ይላል። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን መዋኘት ያቅተዋል። ስለዚህ ጀልባ ላይ መውጣት፣ ፊሽካ መንፋት፣ ገመድ መያዝ፣ የሚሠራ ሥራ ሁሉ በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ መሠራት አለበት።

የመጨረሻው አንድ ሰዓት ሃይፖተርሚያ የምንለው ነው፤ የውስጥ ሰውነት ሙቀት ከ35 ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ። እዚህ ለመድረስ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ራስን እስከ መሳት ደግሞ በረዶ በሚያህል ውሃ ውስጥ እንኳ ወደ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ይህ መልካም ዜና ነው። ላይፍ ጃኬት ያደረገና ያልተደናገጠ ሰው ለመዳን ጊዜ አለው ማለት ነው። ያላደረገ ሰው ግን ወደዚያ ሰዓት የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በየዓመቱ የጀልባ አደጋ ዘገባ ያወጣል። በጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት መካከል ከአሥሩ ስምንቱና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አላደረጉም ነበር። ጃኬቱ ብዙ ጊዜ ጀልባው ውስጥ ነበር። እንደ እኛው ተቀምጠውበት ይሆናል።

አላስካ፦ መሪ ያለው ጉዞ

አንኮሬጅ የምትኖር አክስት አለችኝ። ባለፈው ነሐሴ ልጠይቃት ሄድኩና "ካያክ ልውሰድሽ" አለችኝ። ያለፈውን ስለማታውቅ ነው። እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ "እሺ" አልኩ። ምናልባት ፍርሃቱ አብሮኝ እንዲያረጅ ስላልፈለግሁ ነው።

ከአንኮሬጅ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ሱዋርድ ወደምትባለው የወደብ ከተማ ገባን። የኪናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከተራሮቹ አናት ላይ የተዘረጋው ሃርዲንግ የበረዶ ሜዳ ወደ 40 ለሚጠጉ የበረዶ ግግሮች ምንጭ ነው። ከነዚህ አንዱ አያሊክ ነው፤ እስከ ባሕር ድረስ ወርዶ ግንባሩን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይነክራል።

ስድስት እንግዶችና አንዲት መሪ ነበርን። መሪያችን ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙ አትበልጠኝም። ጀልባ ላይ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችንን ለብቻ አነጋገረችን። አስም አለብሽ? የልብ ችግር? የምትወስጂው መድኃኒት? ዋና ትችያለሽ? እኛ ክሊኒካል ላይ አዲስ ታካሚ ሲገባ የምንጠይቀውን ዓይነት ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ዋና አልችልም፤ አንዴ ወድቄ ልሰጥም ነበር" አልኳት። አልሳቀችም፤ ተመለሽም አላለችኝም። "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ከእኔ ጋር ትቀዝፊያለሽ" አለችና የሁለት ሰው ጀልባዋ ፊት ወንበር ላይ መደበችኝ። ለሁለት ሰው የተሠራው ካያክ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም።

ከዚያ አለባበሳችንን አየች። አንዱ እንግዳ ጂንስ ለብሶ ነበር፤ እንዲቀይር አደረገችው። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት ይሰርቃል፤ ሱፍና ሠራሽ ጨርቅ ግን ረጥቦም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። "የሚለበሰው ለአየሩ አይደለም፣ ለውሃው ነው" አለችን። ሐምሌ ላይ ቻታሁቺ በቁምጣና በቲሸርት የገባሁት እኔ መሬት ሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ለረጅም ጊዜ ደረቅ መሬት ላይ አስተማረችን። ብንገለበጥ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት፣ ያቺን የጨርቁን ማንጠልጠያ መሳብ፣ ጀልባውን በሁለት እጅ ከወገብ ገፍቶ መውጣት። ዓይናችንን ጨፍነን ማንጠልጠያውን በእጃችን እንድንፈልግ አስደጋገመችን። ምልክቶቹንም ተማርን፦ መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ሲቆም "ወደ እኔ ኑ"፣ አግድም ሲያዝ "ቁሙ"፣ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ "እርዱኝ"። ሦስት ጊዜ ፊሽካ አደጋ ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ምልክት ያየ ሰው መልሶ ያሳያል። ሆስፒታል ውስጥ ትእዛዝ ስንቀበል መልሰን ጮክ ብለን እንደምናነበው ማለት ነው።

መሪ ያለው ጉዞ ማለት ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው መቅጠር ብቻ ሳይሆን፣ ደስታ ላይ ሆናችሁ ማሰብ የሚያቅታችሁን ነገር አስቀድሞ የሚያስብላችሁ ሰው ማግኘት ነው።

ግግሩ ለምን ይፈርሳል?

በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም "በረዶ" ስለምንል ግግር ሲባል የቆመ ነገር ይመስላል። ግን ይንቀሳቀሳል። ተራራ ላይ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ ዓመት በዓመት ሲደራረብ፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨፍልቆ ጠንካራ ይሆናል። ከዚያ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይፈስሳል፤ ወንዝ ነው፣ ግን በጣም ቀርፋፋ ወንዝ። ቀይ ብርሃንን ውጦ ሰማያዊውን ስለሚመልስ ጥቅጥቅ ያለው በረዶ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሲወርድ ዐለቱን ስለሚፈጭ ከሥሩ የሚወጣው ውሃ የአጃ ሾርባ ይመስላል።

ባሕሩ ጋ ሲደርስ ከሥር ጨዋማው ውሃ ያቀልጠዋል፣ ከላይ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ከኋላ ደግሞ የሚገፋው አለ። በዚህ ምክንያት ግንባሩ እየተገመሰ ይወድቃል። የሕንፃ ያህል ቁራጭ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ማዕበል ያስነሳል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቁራጭም ቢሆን አይታመንም፤ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል አካሉ ከውሃ በታች ነው፤ ሲቀልጥ ሚዛኑን ስቶ በድንገት ይገለበጣል። ለዚህ ነው መሪዎች ከግግሩ ግንባር ቢያንስ ሩብ ማይል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በጣም ርቀው የሚያቆሙት፤ ወደ ተንሳፋፊውም በረዶ አያስጠጉም።

እኛ ግማሽ ማይል ያህል ርቀን ቆምን። ባለ ጂንሱ ሰውዬ "ትንሽ እንጠጋ፣ ለፎቶ" አለ። "አይሆንም" አለችው። ደግሞ ለመናት። "አይሆንም" አለችው ደግማ፤ ሳትቆጣ፣ ሳታብራራም። ጥቂት ቆይቶ ከግንባሩ አንድ ትልቅ ቁራጭ ያለ ምንም ድምፅ ተገምሶ ወደቀ። ድምፁ የመጣው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነው፤ ድምፅ ያን ርቀት ለመጓዝ ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ከባድ ነጎድጓድ ነበር። መሪያችን መቅዘፊያዋን አነሳች፤ ሁላችንም የጀልባችንን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞርን። ማዕበሉ ጥልቅ ውሃ ላይ ስለደረሰን ከፍ አድርጎ ዝቅ አደረገንና አለፈ። ዳር ላይ ብንሆን ኖሮ ውሃው ሲሳሳ ማዕበሉ ቆሞ ይሰበርብን ነበር። ሰውዬው ከዚያ በኋላ እንጠጋ አላለም።

ስለ ግግር ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ ነገር ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በበረዶ ዘመን የባሌ ተራሮች ሳኔቲ አምባ ላይ የበረዶ ግግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በ3,400 ሜትር ከፍታ፣ ከግግሩ ብዙም ሳይርቁ፣ የሚቀልጠውን ውሃ እየጠጡ፣ የምድር አይጥ እየጠበሱ። ለእናቴ ይህን ስነግራት "ታዲያ እነሱ ካያክ አልወጡም" አለችኝ።

ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

እዚህ ላይ እንደ ነርሲንግ ተማሪ ልናገር። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ስታዩ መዋኘት ካልሠለጠናችሁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ሁለት ሰው ነው የሚጠፋው። መቅዘፊያ ዘርጉለት፣ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ ወደ 911 ደውሉ። የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ እንደማይጮኽም እወቁ። የሚስቅ ወይም የሚቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ጠይቁት፤ ካልመለሰ እየሰጠመ ነው።

ከወጣ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ሲፒአር ወዲያው ይጀመር። የሰጠመ ሰው የጎደለው አየር ስለሆነ ደረት መጫን ብቻ ሳይሆን ትንፋሽ መስጠትም ያስፈልጋል። የሚተነፍስ ከሆነ ከነፋስ አስጠልሉት፣ አጋድሙት፣ እርጥቡን ልብስ ቀስ ብላችሁ አውልቁ፣ በደረቅ ነገር ጠቅልሉት። እመኑኝ፣ ደረቅ ጋቢን የሚያህል የለም፤ ባለፈው እኔን ያዳነኝ መኪናችን ውስጥ የነበረው የአክስቴ ጋቢ ነው። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ለብ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት።

የማይደረገውስ? እጅና እግሩን አታሹት፤ አታስሩጡት። በጣም የቀዘቀዘ ልብ ቁጡ ነው፤ መንገላታት የልብ ምቱን ሊያዛባው ይችላል። ሙቅ ሻወር ውስጥ አታስገቡት። አረቄም አትስጡት። አረቄ ያሞቀ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣ ነው፤ ሙቀቱን ከውስጥ አውጥቶ ለብርዱ ያስረክበዋል። መንቀጥቀጡን ያቆመ፣ አንደበቱ የሚኮላተፍ፣ የሚዘባርቅ ሰው እየተሻለው አይደለም፤ እየባሰበት ነው። ሐኪም ቤት ይሂድ።

ቶሎ ተስፋም አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም በበረዶ ሥር ውሃ ውስጥ ተይዛ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ሴንቲግሬድ ደርሶ፣ ልቧም ቆሞ ነበር። ሐኪሞች ለሰዓታት ታግለው አሞቋት፤ ድናም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሕክምና የቀዘቀዘ ሰው ሞተ የሚባለው ሞቆም ካልተነሣ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ከመሄዳችን በፊት

ለማኅበራችን ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ መሪ ያለው ጉዞ ይሁን። በነፍስ ወከፍ ጥቂት ዶላር ይጨምራል፤ የማይችል ካለ አዋጥተን እንሸፍንለት። ሁለተኛ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ መኪና ማቆሚያው ላይፍ ጃኬት አይወልቅ፤ ዚፑም ይዘጋ። የጆርጂያ ሕግ የሚያስገድደው ከ13 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ነው፤ እኛ ግን ሕጉን ሳይሆን ውሃውን እንስማ። ሦስተኛ፣ ጂንስ የለበሰ አይገባም። አራተኛ፣ ግድቡ ውሃ የሚለቅበት ሰዓት በዚያው ቀን ጠዋት ይታይ። አምስተኛ፣ መጠጥ ከጉዞው በኋላ ነው። ስድስተኛ፣ ዋና የማይችል ሰው አስቀድሞ ይናገር። ማንም አይስቅበት።

ይህ የመጨረሻው ይከብዳል፤ አውቀዋለሁ። ብዙዎቻችን ዋና በማያውቅ ቤት ነው ያደግነው። ወላጆቻችን ውሃን የሚፈሩት በምክንያት ነው፤ ፍርሃቱን ግን እንጂ ትምህርቱን አላወረሱንም። በዚህ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ዋናው የሞት ምክንያት መስጠም ነው። ታናናሾቻችንን በየበጋው ላኒየር ሐይቅ ይዘን የምንሄድ ታላላቆች ደግሞ እኛው ነን። ከተማችን ውስጥ ለአዋቂዎች ዋና የሚያስተምሩ የሕዝብ መዋኛዎችና የዋይ.ኤም.ሲ.ኤ. ቅርንጫፎች አሉ። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እማራለሁ። እስካሁን ገንዳውን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አቋርጫለሁ፤ በሕይወት የወጣሁ ያህል ነው የተደሰትኩት።

ቻታሁቺ ላይ የሆነውን ለእናቴ የነገርኳት ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ይቆጣኛል፣ ሁለተኛ ውሃ አጠገብ እንዳትደርሺ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "የምትማሪበት ቦታ ለእኔ ዕድሜም ያስተምራሉ?" አለችኝ። ያስተምራሉ። የፊታችን ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።

እናንተም ኑ። በቸር ያገናኘን።